የሮክ ሙዚቃ ክሊፕ እና የካሜራው ቋንቋ

ክሊፕ ማለት ለአንድ ዘፈን የሚሠራ አጭር ፊልም ነው። ቃሉ በአማርኛም በዕብራይስጥም ያው ነው። ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ይቆያል። ከሌላው ፊልም የሚለየው ድምፁ ቀድሞ ማለቁ ነው። ዘፈኑ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀርጾ ካበቃ በኋላ ዘፋኙ ካሜራ ፊት ቆሞ የራሱን ድምፅ እየሰማ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። የኤሌክትሪክ ጊታር ያለ ምንም ሽቦ በረሃ መካከል ሲጮህ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው።

በአሽቀሎን ወጣቶቹ በስልካቸው የሮክ ክሊፕ ሲከፍቱ ከትልልቆቹ የሚሰማው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ ምስሉ ለምን አንድ ቦታ አይቆምም? ዓይን ሳይጠግብ ለምን ይቀየራል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አለው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ያደገ ተመልካች የለመደው ሌላ ዓይነት አቀራረብ ነው። ዘፋኙ ስቱዲዮ ውስጥ ይቆማል፤ ባንዱ ከኋላው ይሰለፋል፤ ተወዛዋዦቹ ከጎን ይገባሉ። ካሜራው እንደ ሰርግ ታዳሚ ተረጋግቶ ይመለከታል። ይህ የመሣሪያ እጥረት ብቻ የወለደው አይደለም። እስክስታ የሚታየው ትከሻ፣ አንገትና ደረት አንድ ላይ ሲታዩ ነው። ካሜራው ፊት ላይ ብቻ ከተጣበቀ ትከሻው ይቀራል፤ በጣም ከራቀ ደግሞ የትከሻው ንዝረት ይጠፋል። ከወገብ በላይ የሚያሳየው መካከለኛ ቀረጻ ለእስክስታ ልኩ ነው። በየመካከሉ ከተቆራረጠማ ውዝዋዜው ውዝዋዜ መሆኑ ያበቃል።

ሮክ የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው። የሮክ ሙዚቀኛ ከሁሉ በላይ ማሳመን የሚፈልገው «መሣሪያውን የምጫወተው እኔው ነኝ» የሚለውን ነው። ስለዚህ ካሜራው ጣቶቹ ክሩ ላይ ሲሮጡ፣ የከበሮው ዱላ ሲወርድ፣ ግንባር ላይ ላብ ሲንቆረቆር ያሳያል። ከቅርብ የሚወሰደው ምስል ክሎዝ አፕ ይባላል። በዕብራይስጥ ታክሪቭ ነው፤ ሥሩ ከእኛው «ቅርብ» ጋር አንድ ስለሆነ ለአማርኛ ተናጋሪ ለማስታወስ አያስቸግርም። ካሜራው መሬት ላይ ሆኖ ወደ ላይ ሲያይ ሰውየው ይገዝፋል፤ ሕፃን አባቱን ቀና ብሎ እንደሚያየው ማለት ነው። ካሜራው በእጅ ተይዞ ሲንቀጠቀጥም የቀራጩ እጅ ደክሞ አይደለም፤ ተመልካቹ ራሱ በሕዝቡ መካከል እየተገፋ ያለ እንዲመስለው ነው። ምስሉ የሚቀየረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከከበሮው ምት ጋር ነው። ከበሮው ከፈጠነ ምስሉም ይፈጥናል።

የሩቁ ቀረጻም የራሱ ሥራ አለው። ባንዱ ጣሪያ ላይ፣ ሕዝቡ ከታች ሆኖ ሲታይ ሙዚቃው ከተማውን የያዘ ይመስላል። ቢትልስ በጥር 1969 ለንደን ውስጥ በሕንፃ ጣሪያ ላይ ተጫውተው ፖሊስ መጣባቸው። የአየርላንዱ ዩ ቱ በ1987 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ያንኑ በሱቅ ጣሪያ ላይ ደገመው፤ እዚያም ፖሊስ መጣ። ከዚያ ወዲህ ጣሪያ ላይ የቆመ ባንድ የተለመደ የሮክ ምስል ሆኗል። ጨለማ ክፍልና ከላይ የሚወርድ ብርሃንም እንዲሁ ነው። ይህን በ1975 ያስለመደው የኩዊን «ቦሂሚያን ራፕሶዲ» ሲሆን፣ አራት ፊቶች ከጥቁር ጀርባ ላይ የሚታዩበትን ያን ክሊፕ ለመቅረጽ የወሰደው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር። የኒርቫና የ1991 ክሊፕ ደግሞ የትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ጀምሮ ተማሪዎቹ ሁሉን ሲያተራምሱ ያበቃል። ለአስተማሪ ዓይን የሚከብድ ትዕይንት ነው፤ በሮክ ደንብ ግን ሥርዓት መጣስ ራሱ ሥርዓት ነው።

ክሊፕ ብቻ ለማሳየት የተቋቋመው የአሜሪካው ኤም ቲቪ ሥራ የጀመረው ነሐሴ 1 ቀን 1981 ነው። መጀመሪያ ያሳየው ዘፈን ቪዲዮ የሬዲዮን ኮከብ ገደለው የሚል ነበር። ሬዲዮ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

በኢትዮጵያ ሮክን በግልጽ የያዘው ጃኖ ባንድ ነው። በ2012 የወጣው «ኤርታሌ» የተባለው አልበሙ በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲውሰርነት የተሠራ ሲሆን፣ ከባዱን ጊታር ከአገር ቤት ቅኝት ጋር ያገናኛል። የሮክ ባንድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዘፋኝ ከፊት ያቆማል፤ ካሜራውም እሱን ይከተላል። ጃኖ ግን ሁለት ሴትና ሁለት ወንድ ድምፃውያን ይዞ ነው የተነሣው። እንዲህ ሲሆን የቅርቡ ቀረጻ ለአራት ይከፈላል፤ አንዱ ሲያዜም ሌላው ሲቀበል ማሳየትም ግድ ይሆናል። ይህ ደግሞ ከለንደን ይልቅ ለአገር ቤቱ አቀንቃኝና ተቀባይ ይቀርባል። ስሙም ባለ ቀይ ጥለቱን ጃኖ እንጂ የሮክን ጥቁር የቆዳ ጃኬት አያስታውስም።

ምስል ለዘፈን ምን እንደሚያደርግ ከሁሉ በላይ የታየው ግን በ1985 ነው፤ ይህም ለአሽቀሎን አንባቢ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በጥቅምት 1984 የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራማኑ መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጹት የረሃብ ምስል ዓለምን አስደነገጠ። በዚያው ጊዜ ብዙ ቤተሰብ በእግሩ ወደ ሱዳን እየተጓዘ ወይም መጠለያ ውስጥ ሆኖ ቀኑን እየጠበቀ ነበር። የሙሴ ዘመቻ በጥር 1985 ከተቋረጠ ከስድስት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 13 ቀን፣ ለኢትዮጵያ ረሃብተኞች ገንዘብ ለማሰባሰብ ላይቭ ኤድ የተባለው ታላቅ የሮክ ዝግጅት ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ተካሄደ። እዚያም ዴቪድ ቦዊ ከራሱ ዘፈኖች አንዱን ትቶ በምትኩ አጭር ፊልም እንዲታይ አደረገ። የካናዳ ቴሌቪዥን የቀረጸው የረሃብ ምስል ነበር፤ የተቀናበረውም ዘ ካርስ ከተባለው ባንድ «ድራይቭ» ዘፈን ጋር ነው።

ዘፈኑ ስለ ረሃብ አንዲት ቃል የለውም። የፍቅር ዘፈን ነው፤ ራሷን መቆጣጠር ያቃታትን ሴት ማን ቤቷ ያደርሳታል ብሎ ይጠይቃል። ከአንድ ዓመት በፊት በተሠራለት ክሊፕ ላይ የምትታየው አንዲት ቆንጆ ወጣት ናት። ያው ጥያቄ በተጎሳቆሉ ሕፃናት ፊት ላይ ሲወድቅ ግን ትርጉሙ ፈጽሞ ተለወጠ። ከዚያ በኋላ የእርዳታው ስልክ ጥሪ እጅግ እንደበረከተ በስፋት ተነግሯል። ስለዚህ ፊልሙ ሥራውን ሠርቷል፤ ይህን መካድ አይገባም።

ነገር ግን የክሊፕ ደንብ አንድ ጠባይ አለው፦ ድምፁ የዘፈኑ ስለሆነ በምስሉ ውስጥ ያለው ሰው አይናገርም። ካሜራው ዓይኑን፣ አጥንቱን፣ ዝንቡን በቅርብ ያሳያል፤ ስሙን፣ መንደሩን፣ ወዴት እያለ እንደነበር አይናገርለትም። ለሙዚቀኛ ክብር የሆነው ቅርበት ለዚያ ሰው ዝምታ ሆነበት። ከእነዚያ ፊቶች አንዷ የትግራይዋ ብርሃን ወልዱ ነበረች፤ ትሞታለች የተባለች ሕፃን። በሐምሌ 2005 ለንደን ሃይድ ፓርክ ላይ በተካሄደው ላይቭ ኤይት አድጋ መድረክ ላይ ስትወጣ ነው ብዙው ተመልካች ስሟን የሰማው። ሃያ ዓመት አልፎ ነበር።

ዛሬ ክሊፕ ለመሥራት ስልክ ይበቃል። እዚህም ሙዚቃ የሚሞክሩ ልጆች አንዳንድ ጊዜ አያታቸውን ሸማ አስለብሰው፣ ቡና አስፈልተው፣ እጃቸውንና የፊታቸውን መስመር በቅርብ መቅረጽ ይፈልጋሉ። እሺ ከማለት በፊት ዘፈኑን ማሰማት፣ ግጥሙንም በአማርኛ ማስረዳት የልጆቹ ፋንታ ነው። አያት ደግሞ ካሜራው የት እንደሚቆም፣ በፊታቸው ላይ የትኛው ስንኝ እንደሚዘፈንና ስማቸው መጨረሻ ላይ ይጻፍ እንደሆነ ቢጠይቁ ነውር የለውም።