የወጣቶች መጽሐፍና ሽፋኑ

አንድ ወጣት ወደ መጻሕፍት መሸጫ ገብቶ በመደርደሪያው ፊት ሲቆም፤ ከተደረደሩት መካከል አንዱን የሚያነሣው ጽሑፉን መርምሮ አይደለም። ጽሑፉ ገና ተዘግቷልና። የሚያነሣው ሽፋኑን አይቶ ነው። ስለዚህ ሽፋን የመጽሐፍ በረኛ ነው ለማለት ይቻላል፤ አንዱን «ግባ» ይለዋል፤ ሌላውን ደግሞ «ይህ ቤት ያንተ አይደለም» ብሎ ይመልሰዋል። ይህ በረኛ ከየት እንደ መጣ፣ ማን እንደ ሾመው፣ አንዳንድ ጊዜም እንዴት አድርጎ እንደሚዋሽ በዚህ ጽሑፍ ለመመልከት አስበናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

ለብዙ ዘመን ሽፋን ስለ ውስጡ ነገር አንዳች አይናገርም ነበር። በአገራችን የብራና መጽሐፍ በሁለት የእንጨት ገበታዎች መካከል ይጠረዛል፤ ገበታዎቹ በቆዳ ይለበጣሉ፤ በቆዳውም ላይ መስቀልና ልዩ ልዩ ጌጥ በጋለ ብረት ይታተምበታል። ዳዊት ይሁን ገድል ከውጭ ለሚያየው ሰው መልኩ ተቀራራቢ ነው። በእንግሊዝ አገርም እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ መጽሐፍ ሻጭ የሚሸጠው በአብዛኛው ያልተጠረዘ ወይም በተራ ወረቀት የተያያዘ ጥራዝ ነበር። ገዢው ወደ ጠራዥ ወስዶ እንደ ሀብቱ መጠን በቆዳ ያስለብጠዋል። እንግዲህ ሽፋኑ የሚመሰክረው ስለ ባለቤቱ ኪስ እንጂ ስለ ደራሲው ሐሳብ አልነበረም።

ለልጆች ታስቦ በሚሰናዳው መጽሐፍ ግን ነገሩ ቀደም ብሎ ተለወጠ። ጆን ኒውበሪ የተባለው የእንግሊዝ አሳታሚ በ1744 ዓ.ም. በሎንዶን አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። ስሟ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «ቆንጆዪቱ ትንሽ የኪስ መጽሐፍ» እንደ ማለት ነው። ኒውበሪ መጻሕፍቱን አበባ በታተመበትና በወርቅ ቀለም በደመቀ ወረቀት እያስለበጠ በመሸጥ የታወቀ ነጋዴ ነበር። ይህች መጽሐፍ ብቻዋን 6 ፔንስ ትሸጥ ነበር፤ 2 ፔንስ የጨመረ ሰው ግን ለወንድ ልጅ ከሆነ ኳስ፣ ለሴት ልጅ ከሆነ መርፌ መሰኪያ ትራስ አብሮ ይሰጠዋል። ኳሱም ሆነ ትራሱ አንደኛው ወገኑ ቀይ፣ ሁለተኛው ወገኑ ጥቁር ነው። ልጁ መልካም ሲሠራ በቀዩ በኩል፤ ሲያጠፋ በጥቁሩ በኩል ስፒል ይሰካበታል።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እንመልከት። ጽሑፉ ለወንዱም ለሴቷም አንድ ነው። የተለየው ከውጭ የሚሰጠው ዕቃ ብቻ ነው። ኒውበሪን ለመውቀስ አይደለም፤ ልጅ ተደስቶ ቢያነብ ነውር እንደሌለበት ካስተማሩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ስለ ሆነ፤ የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ ለምርጥ የልጆች መጽሐፍ የሚሰጠውን ሜዳይ በስሙ ሰይሞታል። ነገር ግን አንድን ጽሑፍ ለሁለት ዓይነት ገዢ በሁለት ዓይነት ገጽ ማቅረብ የቅርብ ጊዜ ብልኃት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ከ1820ዎቹ ዓመታት ወዲህ አሳታሚዎች ራሳቸው መጽሐፉን በጨርቅ እያስለበጡ መሸጥ ጀመሩ። ጨርቁ እንዳይቈሽሽ ደግሞ በላዩ ወረቀት ይጠቀለልበት ነበር። እስካሁን ከታወቁት ከእነዚህ መጠቅለያዎች አሮጌ የሆነው የ1829 ዓ.ም. ሲሆን፤ የሚገኘውም በኦክስፎርድ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ነው። ከዚያ ዘመን የተረፉት እጅግ ጥቂቶች የሆኑበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ገዢው ቤቱ ሲደርስ ወረቀቱን ቀዶ ይጥለው ነበርና። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግን ሥዕሉና ጌጡ ከጨርቁ ላይ ወደ ወረቀቱ ተሻገረ። አቧራ ተከላካይ የነበረው አገልጋይ የቤቱ ዋና ሻጭ ሆነ ማለት ነው።

በ1935 ዓ.ም. አሌን ሌይን የተባለው እንግሊዛዊ የፔንግዊን መጻሕፍትን ሲያቋቁም በሽፋን ላይ ሥዕል እንዲኖር አልፈለገም። የመጀመሪያዎቹ 10 መጻሕፍት እያንዳንዳቸው 6 ፔንስ ተሸጡ፤ የመጽሐፉ ዓይነት የሚታወቀውም በቀለም ብቻ ነበር፤ ብርቱካንማው ልብ ወለድ፣ አረንጓዴው የወንጀል ታሪክ፣ ጥቁር ሰማያዊው የሕይወት ታሪክ። እኛ ይህን ሥርዐት እናደንቃለን። አንባቢውን አይለማመጥም፤ ማን መሆን እንዳለበትም አይነግረውም። ይሁን እንጂ ልጅን በቀለም ብቻ መጥራት አልተቻለም። ያው ድርጅት በ1941 ዓ.ም. ፓፊን የሚባሉትን የልጆች የተረት መጻሕፍት ሲጀምር በሽፋናቸው ላይ ሥዕል ፈቀደ። በ1962 ዓ.ም. ደግሞ ከልጅነት ለወጡ፣ ወደ ጐልማሳነት ግን ላልደረሱ አንባቢዎች ፒኮክ የተባለ ሌላ ተከታታይ ጨመረ። በአሜሪካም ሞሪን ዴሊ ስለ አንዲት የ17 ዓመት ልጃገረድ ፍቅር የጻፈችው መጽሐፍ በ1942 ዓ.ም. ወጥቶ ብዙ ወጣት አንባቢ አግኝቶ ነበር። እንዲህ እያለ የወጣቶች ልብ ወለድ የሚባለው ክፍል የራሱን መደርደሪያ ያዘ።

ክፍሉን በዓለም ካስታወቁት መጻሕፍት አንዱ በ1967 ዓ.ም. የታተመው «ዘ አውትሳይደርስ» ነው። በኦክላሆማ የቱልሳ ከተማ ተወላጅ የሆነችው ሱዛን ኤሎይዝ ሂንተን ጽሑፉን ስትጀምር ገና 15 ዓመቷ ነበር፤ መጽሐፉ ሲወጣም 18 ዓመቷ ነበር። ታሪኩ በወንዶች ልጆች ቡድን መካከል የሚደረግ ጠብ ስለ ሆነ፤ አሳታሚዎቹ ወንዶች ገምጋሚዎች ሴት የጻፈችው መሆኑን አይተው ገና ሳያነቡ እንዳይንቁት ሠጉ። ስለዚህ በሽፋኑ ላይ ስሟ «ኤስ. ኢ. ሂንተን» ተብሎ በፊደል ብቻ ተጻፈ። ከ30 ዓመት በኋላ፤ በ1997 ዓ.ም.፤ የመጀመሪያው የሃሪ ፖተር መጽሐፍ ሲታተም ያው ነገር ተደገመ፤ ወንዶች ልጆች እንዳይሸሹ ተብሎ ጆአን ሮውሊንግ «ጄ. ኬ.» ሆነች። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ትልልቅ ሰዎች በሰው ፊት ሲያነቡት እንዳያፍሩ፤ በቀለም በደመቀው ሥዕል ፈንታ ጥቁርና ነጭ የባቡር ፎቶግራፍ ያለበት ሌላ ሽፋን ወጣ። ከቃላቱ አንዲት አልተለወጠችም። የ1744 ዓ.ም. ኳስና ትራስ እንደ ገና ተመለሱ ልንል እንችላለን።

እዚህ ላይ ከራሳችን ልምድ ጥቂት ብንናገር አንባቢ ይቅር እንዲለን እንለምናለን። በተማርንበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከውጭ አገር በስጦታ የመጡ ልብ ወለዶች ነበሩ። ሽፋናቸው በብዙ እጅ ከመነካቱ የተነሣ ተቀድዶ ስላለቀ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ ሁሉንም በካኪ ወረቀት ለብጠው ርእሱን በእስክርቢቶ ይጽፉበት ነበር። እኛም መጽሐፍ የምንመርጠው እንደ ውፍረቱ፣ ወይም ከእኛ በፊት የተዋሰው ተማሪ እንደ ነገረን ነበር። የታሪኩን ዋና ሰው በሰፈራችን ልጅ አምሳል እየሳልን እናነበው ነበር፤ የሚከለክለንም አልነበረም። ከብዙ ዓመት በኋላ ከእነዚያ መጻሕፍት አንዱን ከነሙሉ ሽፋኑ በመጻሕፍት መሸጫ ስናገኘው፤ በላዩ የተሳለው ልጅ የማናውቀው ሰው ሆኖ ታየን። ካኪው ወረቀት ምን ያህል ነጻነት ሰጥቶን እንደ ነበረ የገባን ያን ጊዜ ነው።

በአሜሪካ ግን ጥቁር ልጆች ይህን ነጻነት አላገኙም፤ ሽፋኑ ሁልጊዜ በፊታቸው ነበርና። ናንሲ ላሪክ የተባለች መምህርት በ1965 ዓ.ም. ባሳተመችው ጽሑፍ፤ 63 አሳታሚዎች ከ1962 እስከ 1964 ዓ.ም. ያወጧቸውን 5,206 የልጆች መጻሕፍት መርምራ፤ አንድ ጥቁር ሰው እንኳ በቃል ወይም በሥዕል የሚገኝባቸው 349 ብቻ መሆናቸውን አስታወቀች። ይህም ከመቶ 6.7 ማለት ነው። ጽሑፏን የጀመረችው አንዲት የ5 ዓመት ጥቁር ሕፃን በመጽሐፍ ላይ ያሉት ልጆች ሁልጊዜ ነጮች የሆኑት ስለ ምን እንደ ሆነ መጠየቋን በማውሳት ነው። ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት የነበረበት አሳታሚው ነው፤ የተጠየቁት ግን እንደ ተለመደው መምህራን ሆኑ።

እንግዲህ በሥዕልና በጽሑፍ መካከል ስላለው ጠብ ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን የደራሲይቱ የኡርሱላ ሊ ጉዊን ነገር ነው። በ1968 ዓ.ም. ስለ ደሴቶች አገር ስለ ኧርዝሲና ጌድ ስለሚባል ወጣት አስማተኛ የጻፈችውን ልብ ወለድ አወጣች። ጌድ መልኩ ቀይ ዳማ ነው፤ ወዳጁ ቬች ጥቁር ነው፤ የደሴቶቹም ሕዝብ አብዛኛው ጠይም ነው። ደራሲይቱ ይህን በመጀመሪያው ገጽ አላወጀችም። ነጭ አንባቢ አስቀድሞ ከጌድ ጋራ ተዋሕዶ ከተጓዘ በኋላ፤ የወደደው ልጅ እንደ እርሱ ነጭ አለመሆኑን ቀስ ብሎ እንዲያውቅ አውቃ ያደረገችው ነው። ሩት ሮቢንስ የሳለችው የመጀመሪያው እትም ሽፋን ለጽሑፉ ታማኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በልዩ ልዩ አገር የወጡት እትሞች ጌድን እያነጡ ሳሉት። ደራሲይቱ ተቃወመች፤ አሳታሚዎችም ጥቁር መልክ ያለበት ሽፋን አይሸጥም የሚል መልስ ሰጧት። በ1970ዎቹ ዓመታት በሽፋን ላይ ሥልጣን ያለው ደራሲ ጥቂት ነበር፤ እስከ ዛሬም ቢሆን በብዙ ውል ደራሲ ሐሳቡን ይጠየቃል እንጂ አይወስንም።

ይህን «አይሸጥም» የሚለውን ቃል መርምረን እንየው። ነጋዴው ጥቁር ልጅ የተሳለበትን ሽፋን አያወጣም፤ ስላላወጣም አይሸጥም፤ ስላልተሸጠም ገዢ የለውም ይላል። ለአንድ መሥሪያ ቤት ባልቀረበ ማመልከቻ ላይ «አመልካች የለም» ብሎ መዝገብ እንደ መዝጋት ነው።

በ2009 ዓ.ም. ነገሩ በአደባባይ ፈነዳ። ጀስቲን ላርባለስቲየር የተባለችው የአውስትራሊያ ደራሲ «ላየር»፤ ማለትም «ውሸታሟ»፤ የሚባል የወጣቶች ልብ ወለድ ጽፋ ነበር። ታሪኩን የምትናገረው ሚካ የምትባል፣ ጠጕሯን በአጭሩ የተቈረጠች፣ ጥቁር ደም ያላት ልጅ ናት። የብሉምስበሪ የአሜሪካ ቅርንጫፍ ያሰናዳው ሽፋን ግን ጠጕሯ ረዥምና ለስላሳ የሆነ ነጭ ልጃገረድ አሳየ። አሳታሚው ተናጋሪዋ ውሸታም ስለ ሆነች ስለ መልኳም ዋሽታ ይሆናል የሚል ምክንያት አቀረበ። ይህ ምክንያት ለጊዜው ብልኅ ይመስላል፤ ነገር ግን መጽሐፉን አጥፍቶታል። ልጅቱ ስለ መልኳ ከዋሸች አንባቢው ከነገረችው ነገር የሚይዘው መሠረት ያጣልና፤ ደራሲይቱም ይህንኑ ጽፋ ተቃወመች። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችና ወጣት አንባቢዎች ከእርሷ ጋራ ጮኹ። መጽሐፉ ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት ሽፋኑ ተለውጦ ጥቁር ልጅ ታየችበት። በሚቀጥለው ዓመት በ2010 ዓ.ም. በጥር ወር ያው ድርጅት መልኳ ጠይም ስለ ሆነች ጀግና በተጻፈ በሌላ መጽሐፍ ላይ እንደዚሁ ነጭ ሴት አውጥቶ፤ እንደዚሁም ተወቅሶ፤ ያንንም ለመለወጥ ተገደደ።

ስለ ወንድና ሴት ሽፋንም ክርክሩ ቀጠለ። በ2013 ዓ.ም. ሞሪን ጆንሰን የተባለች የወጣቶች ደራሲ፤ የታወቁ መጻሕፍትን ደራሲያቸው በጾታ ቢለወጥ ሽፋናቸው ምን ይመስል እንደ ነበረ እንዲስሉ አንባቢዎችን ጋበዘች፤ በመቶ የሚቈጠሩ ሥዕሎችም ተላኩላት። ወንድ የጻፋቸው ሴት እንደ ጻፈቻቸው ሆነው ሲታሰቡ ሽፋናቸው ጽጌረዳ ቀለምና አበባ በዛበት። በ2014 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ወላጆች ባነሡት ጥያቄ አንዳንድ አሳታሚዎች «ለወንዶች ልጆች» «ለሴቶች ልጆች» የሚለውን ጽሕፈት ከአዳዲስ መጻሕፍታቸው ላይ ለማንሣት ተስማሙ። ከኒውበሪ እስከዚህ 270 ዓመት ነው።

የመጀመሪያው የኧርዝሲ ልብ ወለድ ከወጣ 50 ዓመት ሲሆነው በ2018 ዓ.ም. የኧርዝሲ ታሪኮች ሁሉ በአንድ ትልቅ ጥራዝ ተሰብስበው ታተሙ። ሥዕሎቹን የሠራው ቻርልስ ቬስ ነው። ደራሲይቱ ከሠዓሊው ጋራ ለብዙ ጊዜ እየተጻጻፈች፤ ንድፉን እየተመለከተች፤ ይህ ይሁን ያ ይቅር እያለች አብራ ሠራች። በእነዚህ ሥዕሎች ላይ ጌድ ጠይም ነው። ኡርሱላ ሊ ጉዊን ግን በዚያው ዓመት በጥር ወር በ88 ዓመቷ ዐርፋ ስለ ነበር፤ መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ በእጇ አልያዘችውም።