የጎማ ዕድሜ በጥርሱ አይታወቅም

የበቅሎ ዕድሜ ጥርሷ ታይቶ ይገመታል፤ የጎማ ግን በጥርሱ አይታወቅም። ያለቀ ጎማ ላዩ ተልጦ አዲስ ጥርስ ሊለበጥለት ይችላልና። አሮጌ ቮልስ ወይም ፊያት 600 ይዘው «ጎማው ከፋብሪካ የመጣበት ነው፣ ጥርሱን እይ» የሚሉኝን ሁሉ ወደ ጎኑ እመልሳቸዋለሁ። ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው፤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጎሚስታ ነበር። ጎኑን በሳሙና አጥቦ፣ ሲደርቅ ጠመኔ ይፈገፍግበታል፤ ጎልቶ የወጣው ጽሑፍ ነጥቶ ይነበባል።

መጀመሪያ የሚታየው ልኩ ነው። የፎርድ ሞዴል ቲ የኋላ ጎማ «30 በ3½» ይላል። 30 የጎማው የራሱ ቁመት ነው፣ በኢንች፤ 3½ ውፍረቱ። ቸርኬውን ለማወቅ ውፍረቱን ሁለት ጊዜ መቀነስ ነው፣ 23 ይመጣል። ይህ ቀጭን ጎማ ጥብቅ ተደርጎ ስለሚነፋ የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ ለተሳፋሪው ወገብ ያደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1923 ፋየርስቶን በጥቂት አየር የሚሠራውን ወፍራም ጎማ ካወጣ በኋላ አጻጻፉም ተለወጠ። 4.40-21 ሲል የፊተኛው ስፋቱ፣ የኋለኛው የቸርኬው ልክ ነው።

ቀለሙም ይናገራል። ቤዴ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ፣ በዓለም ላይ የነበረው ጎማ በአብዛኛው ነጣ ያለ ወይም ግራጫ ነበር። ጎማ የጠቆረው ጥላሸት መሰል ካርቦን እየተቀላቀለበት ሲመጣ ነው፤ ይህም የተለመደው እ.ኤ.አ. ከ1910ዎቹ ወዲህ ነው። በድሮ ፎቶግራፍ ላይ ነጭ ጎማ አይተው «ቀለም ተቀብቶ ነው» የሚሉ ሰዎች ያስቁኛል።

እኛ አገር ብዙ የሚመጣልኝ ግን ቮልስ ነው። እስከ 1952 መገባደጃ ድረስ ጎማው 5.00-16 ነበር፤ ከዚያ 5.60-15 ሆነ። (ይህም እ.ኤ.አ. ነው፤ ጎማ የእኛን አቆጣጠር አያውቅም።) 5.60-15 ብዙ ዓመት ስለቆየ ብቻውን ዘመን አይነግርም፣ ሌላ ፊደል መፈለግ ነው። ሚሽሊን ኤክስ የተባለው ራዲያል ገበያ የወጣው በ1949 ነው፤ በልኩ መሀል «አር» የሚል ፊደል ካለ ግን ጎማው ከዚያ ብዙ ዓመት ዘግይቶ የተሠራ ነው።

ለኢትዮጵያዊ ወጥመዱ ያለው የዶት ቁጥር ላይ ነው። አሜሪካኖች ከ1971 ጀምሮ ያመጡት ሲሆን መጨረሻው ሳምንቱንና ዓመቱን ይገልጻል። ሦስት አሃዝ ከሆነ፣ ለምሳሌ 328፣ ጎማው በ32ኛው ሳምንት ተሠርቷል፤ ዓመቱ ግን 1978 ወይም 1988 ሊሆን ይችላል። የ1990ዎቹ ከሆነ ብዙ ጊዜ አጠገቡ ትንሽ ሦስት ማዕዘን አለ። ከ2000 ወዲህ አራት አሃዝ ነው። 2308 ያለውን ሰው በእኛው 2008 ይመስለዋል፤ ተሠርቶ ያለቀው ግን በእኛ ግንቦት 2000 መጨረሻ ላይ ነው። ስምንት ዓመት ያረጀ ጎማ ወጣት ተብሎ ይሸጣል ማለት ነው!

ዶት ከመምጣቱ በፊት የተሠራ ጎማ ማግኘት ከባድ ነው። ምናለሽ ተራ የገባው በረባሶና ጠፍር ሆኗል፤ ውስጡ ጨርቅ ብቻ ስለሆነ ቢላ ይቆርጠዋል። ባለ ሽቦው እምቢ ይላል። ስለዚህ ቮልስ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የፊት ኮፈኑን ከፍቼ እስኮርታውን አያለሁ። ፀሐይ አይነካውም፣ መንገድም አይበላውም። በ1960ዎቹ ሞዴሎች የመስታወት ማጠቢያውን ውኃ የሚገፋውም የዚሁ የእስኮርታ አየር ስለሆነ ባለቤቶቹ ከቦታው አያነሱትም።

በቅርቡ አንድ አዛውንት እንዲህ ያለ እስኮርታ አመጡልኝ፤ ጽሑፉ ሁሉ ደህና፣ ዶት የሌለው። «እንግዲህ ግጠምልኝ» አሉ። «ጋሼ፣ ለማሳየት ከሆነ እሺ» አልኳቸው፤ «ደብረ ዘይት ድረስ ሊነዱበት ከሆነ ግን እኔ አልገጥምም።»