የሻዊሽ ዓጢያ ጥያቄ በጅዳ ግቢዎች

ሻዊሽ ዓጢያ ዓይኑን አጉረጥርጦ ምልምሉን ያፋጥጠዋል፦ «መድፉ ላይ ሥራህ ምንድን ነው?» ምልምሉም በዚያ ሰፊ አፉ የመድፉን ድምፅ እያስመሰለ «ቡሩሩም!» ይላል። ደግሞ ይጠየቃል፤ ደግሞ «ቡሩሩም!»። ትዕይንቱ እ.ኤ.አ. በ1957 ከወጣው «ኢስማዒል ያሲን በባሕር ኃይል» ከተባለው የግብፅ ፊልም ነው። ምልምሉ ራሱ ኢስማዒል ያሲን፣ ሻዊሹ (ሃምሳ አለቃው) ደግሞ ሪያድ አልቀሰብጂ ነው።

እኔ የሃምሳ አለቃ ልጅ ነኝ፤ እኛ ቤት እራት እንኳ በሰልፍ ነበር የሚበላው። ስለዚህ ይህን ትዕይንት መጀመሪያ ሳየው በሳቅ ፈረስኩ። ያየሁት ጅዳ፣ ከምሠራበት ቤት አዛውንት ጋር ነው። «ያ ዓም» (አጎቴ) እላቸዋለሁ። ፊልሙ በቴሌቪዥን በመጣ ቁጥር ከሻዊሹ ቀድመው ይጠይቁኛል፤ «ቡሩሩም» የማለቱ ተራ የእኔ ነው።

እሳቸው ኢስማዒልን ያወቁት በልጅነታቸው፣ ሂንዳዊያ ሰፈር ሖሽ ውስጥ ነው። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ የጅዳ ሲኒማ ማለት እንዲህ ያለ አጥር ግቢ ነበር። የሂንዳዊያው አቡ ሰፊያና የባብ ሸሪፍ ግቢ ስማቸው ዛሬም ይነሣል። 16 ሚሊ ሜትር ፕሮጀክተር ከነፊልሙ የሚያከራዩ ሱቆች ነበሩ፤ ኖራ የተቀባ ግድግዳ ካለ ሸራ አያስፈልግም። ከሚታየው ውስጥ የግብፅ ፊልም ዋነኛው ነበር።

የሚገርመው ዘመኑ ነው። ኢስማዒል በተከታታይ ፊልሞቹ በ1955 ጦር ሠራዊት፣ በ1956 ፖሊስ፣ በ1957 ባሕር ኃይል፣ በ1959 አየር ኃይል «ገብቷል»። ዳይሬክተሩ ፋጢን ዓብደልወሃብ ራሱ መኮንን ስለነበር የጦር ሰፈሩን ጠባይ ያውቀዋል። ግብፅ የግዴታ ውትድርናን በአዲስ ሕግ ያጠናከረችውም በዚያው በ1955 ነው፤ ለተፈራው ካምፕ ከሳቅ የተሻለ ማባበያ አይገኝም። በ1962 ግን የግብፁ ፕሬዚዳንት የጀማል ዓብደል ናስር ጦር የመን ገባ፤ ሳዑዲ ደግሞ የየመኑን ኢማም ወገን ደገፈች። የግብፅ አውሮፕላኖች የሳዑዲዋን ናጅራን ደበደቡ። የጅዳ ልጆች በዚያው ሠራዊት ምልምል ይስቁ ነበር። «ጠላት አልነበሩም ወይ?» አልኳቸው ያ ዓምን። «ጦሩ የጀማል ነው፤ ኢስማዒል የኛ ነው» አሉኝ።

ግቢዎቹን የዘጋቸው የግብፅ ጠብ ሳይሆን የመካ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 1979 ጁሃይማን አልዑተይቢና ተከታዮቹ ታላቁን መስጊድ በመሣሪያ ያዙ፤ ውጊያው ሁለት ሳምንት ፈጀ። አመፁ ሲከሽፍ መንግሥት የአክራሪዎቹን ጥያቄ በሌላ በር አስገባው። የአደባባይ ሲኒማ ጠፋ፤ ፊልም በካሴት ወደ ሳሎን ገባ።

የሲኒማ እገዳው በዲሴምበር 2017 መነሣቱ ታወጀ፤ ጅዳም በጃንዋሪ 2019 በሬድ ሲ ሞል የመጀመሪያውን ዘመናዊ አዳራሽ ከፈተች። ጋዜጦች «ሲኒማ ጅዳ ገባ» አሉ። ያ ዓም ይህን ሲሰሙ ይቆጣሉ፤ እኔም እንደሳቸው ነኝ። ልጆቻቸው ሞሉን አሳይተዋቸዋል፤ ወንበሩ ተመችቷቸዋል። ለተዋናዩ ጮክ ብለው ሲመልሱለት ግን ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ሖሽ ውስጥ «ቡሩሩም» የሚለው ኢስማዒል ብቻ አልነበረም፤ ግቢው በሙሉ ነበር። ከአዲሱ አዳራሽ የጎደለው ይህ መልስ ነው፤ ሳይሰለፍና ሳይፈራ ለሻዊሹ የሚመልስ ሕዝብ።