ከፋጉሎ እስከ ወተት ብርጭቆ፤ አፍላቶክሲን የሚጓዝበት መንገድ

የከተማችን እናቶች ወተት ሲገዙ የሚያደርጉት ጥንቃቄ የታወቀ ነው። ውኃ ተጨምሮበት እንደሆነ በዓይን ይገምታሉ፣ ያሸትታሉ፣ ከዚያም ገንፍሎ እስኪነሳ ድረስ ያፈላሉ። ይህ ልማድ ከወተት ጋር ሊተላለፉ ከሚችሉት ከሳንባ ነቀርሳ፣ ከውርጃ በሽታ (ብሩሴሎሲስ) እና ተቅማጥ ከሚያመጡ ተህዋስያን ብዙ ቤተሰብ ጠብቋል። ይሁን እንጂ በዓይን የማይታይ፣ ሽታም ሆነ ጣዕም የሌለው፣ በማፍላትም የማይጠፋ አንድ መርዝ በወተት ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ስሙ አፍላቶክሲን ይባላል።

የዚህ መርዝ መነሻ ወተቱ ሳይሆን ላሟ የበላችው መኖ ነው። በመሆኑም መፍትሔው በአብዛኛው ያለው በማጀት ሳይሆን በመኖ መጋዘን ውስጥ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ የተካሄደ ጥናት ያመለከተውም ይህንኑ ነው።

አፍላቶክሲን ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ የዶሮ ዓይነቶች ምክንያቱ ባልታወቀ በሽታ ማለቅ ጀመሩ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ የሚሆኑት ሞቱ። በሽታው ምን እንደሆነ ስላልታወቀ «ኤክስ» የሚል ስም ተሰጠው። ምርመራው በመጨረሻ ያደረሰው ወደ መኖው ሲሆን፣ ከብራዚል የመጣው የኦቾሎኒ ፋጉሎ «አስፐርጊለስ ፍላቨስ» በተባለ ሻጋታ ተበክሎ ተገኘ። መርዙም ከሻጋታው ስም የመጀመሪያ ፊደላት ተወስዶ «አፍላቶክሲን» ተባለ።

ሻጋታው በአፈር ውስጥ የሚኖር ሲሆን፣ በተለይ በኦቾሎኒ፣ በበቆሎ፣ በጥጥ ፍሬና በሌሎች የቅባት እህሎች ላይ ይበቅላል። ሰብሉ በማሳ ላይ በድርቅ ሲጎዳ ወይም በነፍሳት ሲበሳ ይገባበታል፤ ሳይደርቅ ሲከማች ደግሞ ይስፋፋል። መርዙን በብዛት የሚያመርተው ሞቃትና እርጥበት ያለው ቦታ ሲያገኝ ነው። የሚያመርታቸው መርዞች በርካታ ሲሆኑ፣ ከሁሉም ኃይለኛው ቢ1 የሚባለው ዓይነት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። የሚታይ ሻጋታ ሁሉ አፍላቶክሲን አለው ማለት አይደለም። በተቃራኒው ሻጋታው ሞቶ ወይም ተራግፎ፣ ላዩ ንጹሕ መስሎ የሚታይ እህል መርዙን ተሸክሞ ሊገኝ ይችላል። ቁርጡ የሚታወቀው በላቦራቶሪ ነው።

ከላም ሆድ እስከ ወተት

አንዲት ላም ቢ1 ያለበት መኖ ስትበላ፣ መርዙ በጉበቷ ውስጥ ተለውጦ ኤም1 ወደሚባል ዓይነት ይቀየራል። ስያሜው ወተት ለማለት ከሚሠራበት የእንግሊዝኛ ቃል የመጀመሪያ ፊደል የመጣ ነው። በአማካይ ላሟ ከበላችው ቢ1 ውስጥ ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚሆነው ኤም1 ሆኖ ወደ ወተቷ ይገባል። ብዙ ወተት በሚሰጡ የተዳቀሉና የውጭ ዝርያ ላሞች ላይ ይህ መጠን እስከ 6 በመቶ ሊደርስ እንደሚችል ተመራማሪዎች ይገልጻሉ። መርዙ በበላች በ24 ሰዓት ውስጥ በወተቷ ይታያል። መኖዋ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ ከወተቷ ይጠፋል። ችግሩ ፈጥኖ እንደሚመጣ ሁሉ ፈጥኖ ሊወገድም የሚችል መሆኑን ይህ ያሳያል።

መጠኑ የሚለካው በማይክሮ ግራም ሲሆን፣ አንድ ማይክሮ ግራም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በወተት ውስጥ የሚፈቅደው የኤም1 መጠን በኪሎ ግራም 0.05 ማይክሮ ግራም ነው። አሜሪካና «ኮዴክስ» የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አውጪ ኮሚሽን ደግሞ እስከ 0.5 ድረስ ይፈቅዳሉ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አሥር እጥፍ ስለሆነ፣ ስለ አንድ ወተት «ከተፈቀደው በላይ ነው» ሲባል በየትኛው መለኪያ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ምን ተገኘ?

መቀመጫውን በአዲስ አበባም ያደረገው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 አዲስ አበባና ወተት በሚያቀርቡላት አካባቢዎች 110 የወተትና 156 የመኖ ናሙናዎችን ሰብስበው መርምረዋል። ውጤቱ «ፉድ ኮንትሮል» በተባለው የምርምር መጽሔት የ2016 እትም ላይ ታትሟል።

ኤም1 ያልተገኘበት የወተት ናሙና አልነበረም። መጠኑ በሊትር ከ0.028 እስከ 4.98 ማይክሮ ግራም ይደርስ ነበር። ከ110ሩ ውስጥ በአውሮፓ መለኪያ ወሰን ውስጥ የተገኙት 9 ናሙናዎች ብቻ ናቸው። 29 ናሙናዎች ወይም 26 በመቶ ያህሉ ደግሞ ላላ ካለው ከ0.5 ወሰንም በላይ ሆነው ተገኝተዋል።

የመኖው ውጤት የባሰ ነበር። በኪሎ ከ7 እስከ 419 ማይክሮ ግራም ቢ1 የተገኘ ሲሆን፣ ከ156ቱ ናሙናዎች 41ዱ ከ100 ማይክሮ ግራም በላይ ነበራቸው። ለማነጻጸር ያህል፣ የአውሮፓ ኅብረት ለወተት ላሞች በሚዘጋጅ የተመጣጠነ መኖ ውስጥ የሚፈቅደው 5 ማይክሮ ግራም ነው።

ተመራማሪዎቹ መኖውን በየዓይነቱ ሲለዩ የችግሩ ምንጭ ጎልቶ ወጣ። በስንዴ ፉርሽካ ላይ የተገኘው ከ9 እስከ 31 ማይክሮ ግራም ሲሆን፣ በኑግ ፋጉሎ ላይ ግን ከ290 እስከ 397 ደርሷል። ጥናቱ በአንድ ወቅት የተሰበሰቡ ናሙናዎችን የሚመለከት እንጂ የከተማዋን ወተት ሁሉ ለሁልጊዜ የሚፈርድ አይደለም። ቢሆንም ጣቱን የቀሰረበት ቦታ ግልጽ ነው።

እስቲ ቀለል ባለ ስሌት እንየው። አንዲት ላም በቀን 2 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ በላች እንበል። በእያንዳንዱ ኪሎ 300 ማይክሮ ግራም ቢ1 ካለ በጠቅላላው 600 ማይክሮ ግራም ወሰደች ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ 1 በመቶው ብቻ ወደ ወተት ቢገባ 6 ማይክሮ ግራም ይሆናል። ላሟ በቀን 10 ሊትር የምትታለብ ከሆነ እያንዳንዱ ሊትር 0.6 ማይክሮ ግራም ይደርሰዋል። ይህም ከአውሮፓ ወሰን 12 እጥፍ ሲሆን የአሜሪካንም ያልፋል።

ለምን ፋጉሎ?

ኑግ የአገራችን ሰብል ነው። ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ፋጉሎ 30 በመቶ አካባቢ ፕሮቲን ስላለው ወተት አርቢው እጅግ ይፈልገዋል። ግጦሽ በሌለበት ከተማ፣ ገለባና ድርቆሽ ብቻ እየበላች ጥሩ ወተት የምትሰጥ ላም የለችምና አርቢው ፋጉሎ መግዛቱ የሚያስወቅሰው አይደለም።

መርዙ በፋጉሎ ውስጥ የሚበዛበት ምክንያት አለ። አፍላቶክሲን በቅባት ውስጥ እምብዛም ስለማይሟሟ ፍሬው ሲጨመቅ ወደ ዘይቱ የሚሄደው ጥቂት ሲሆን፣ አብዛኛው በፋጉሎው ውስጥ ይቀራል። በዚህ ላይ የቅባት እህል ከስንዴና ከበቆሎ ይልቅ በጣም መድረቅ አለበት። ስንዴ 13 በመቶ እርጥበት ይዞ በደህና ሊቀመጥ ሲችል፣ ኦቾሎኒን የመሰለ የቅባት ፍሬ ከ7 እስከ 8 በመቶ ድረስ መውረድ ይኖርበታል። ፋጉሎው ከመጭመቂያው እንደወጣ ሳይቀዘቅዝ በጆንያ ከታሰረ፣ እርጥብ ወለል ላይ ከተደረደረና ክረምቱን እዚያው ካሳለፈ ለሻጋታው የተመቸ ቤት ተሠራለት ማለት ነው።

ጉዳቱ ምን ያህል ነው?

የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አፍላቶክሲንን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡ ነገሮች ተርታ፣ በአንደኛው ምድብ አስቀምጦታል። የሚያጠቃውም በዋናነት ጉበትን ነው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ባለበት ሰው ላይ አደጋው በብዙ እጥፍ ስለሚጨምር፣ ይህ ቫይረስ በሰፊው በሚገኝባቸው እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ጉዳዩ ክብደት ይሰጠዋል።

መጠኑ ሲበዛ መርዙ በቀጥታ ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2004 በጎረቤት ኬንያ የተበከለ በቆሎ ከተመገቡት ውስጥ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። በትንሽ በትንሹ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ደግሞ የሕፃናትን ዕድገት ሊገታ እንደሚችል የሚያመለክቱ ጥናቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የቤኒንና የቶጎ ጥናት ከመረመራቸው 480 ሕፃናት በ99 በመቶዎቹ ደም ውስጥ የአፍላቶክሲን ምልክት አግኝቷል። መጠኑ ከፍ ባለ ቁጥር ሕፃናቱ አጭርና ቀጭን ሆነው ታይተዋል። ሆኖም የዕድገት መቀንጨር ብዙ ምክንያት ያለው በመሆኑ የአፍላቶክሲን ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ አሁንም ያከራክራል።

በወተት የሚመጣው ኤም1 ካንሰር የማምጣት ኃይሉ ከቢ1 አንድ አሥረኛ ያህል እንደሆነ ይገመታል። በአንጻሩ ወተት ለሚያድግ ልጅ የሚሰጠው ፕሮቲን፣ ካልሲየምና ቫይታሚን በቀላሉ የሚተካ አይደለም። ስለዚህ ከዚህ ሁሉ ተነስቶ ለልጅ ወተት መከልከል ከበሽታው የከፋ መድኃኒት ይሆናል። ጭንቀቱ ተገቢ የሚሆነው ወተት በየቀኑ ለሚጠጡና ሰውነታቸው ትንሽ ለሆነው ሕፃናት ሲባል፣ ወተቱ ንጹሕ እንዲሆን መጠየቅ ላይ ሲደርስ ነው።

ማፍላት ለምን አይበቃም?

ማፍላት ሕይወት ያላቸውን ተህዋስያን ይገድላል። አፍላቶክሲን ግን ሕይወት ያለው ነገር ሳይሆን ኬሚካል ነው። ለመፈራረስ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ስለሚፈልግ የቤት ምድጃም ሆነ የፋብሪካ ፓስቸራይዜሽን አያጠፋውም። የታሸገ ወተት ከዚህ አንጻር ከላስቲክ ወይም ከጀሪካን ወተት የተለየ ዋስትና የለውም። ልዩነት የሚያመጣው ፋብሪካው ወተቱን ሲረከብ መመርመሩ ነው።

ኤም1 ከወተቱ ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ ወተቱ አይብ ሲሆን መርዙ አብሮ ይሄዳል። ለስላሳ አይብ ላይ በተሠሩ ጥናቶች ክምችቱ ከወተቱ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ሆኖ ታይቷል። ወደ ቅቤው የሚሄደው ግን ትንሽ ነው። በእርጎ ላይ የተደረጉ ምርመራዎች ውጤት ከጥናት ጥናት ስለሚለያይ መርጋቱን እንደ መድኃኒት መቁጠር አይቻልም።

ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው ሥራ ማድረቅና ማከማቸት ነው። ፍሬው ከመጭመቁ በፊት በሚገባ መድረቅ፣ ፋጉሎው ከመታሰሩ በፊት መቀዝቀዝ፣ ጆንያው ከወለልና ከግድግዳ ርቆ በእንጨት ርብራብ ላይ መደርደር፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ መውጣት ይኖርበታል። ይህ ሁሉ ከውጭ ምንዛሪ ይልቅ ሥርዓት የሚጠይቅ ነው።

ሁለተኛው የፋጉሎውን ድርሻ መቀነስ ነው። አርቢው የፕሮቲኑን ከፊል ከአልፋልፋ ወይም ከሌላ የመኖ ጥራጥሬ ቢያገኝ በወተቱ ውስጥ የሚታየው ለውጥ ቀናት እንጂ ዓመታት አይፈጅም።

ሦስተኛው በመኖ ውስጥ ቤንቶናይት የሚባል የሸክላ አፈር ዓይነት መቀላቀል ነው። ይህ አፈር አፍላቶክሲንን በላሟ ሆድ ውስጥ ይዞ ከፋንድያ ጋር ስለሚያስወጣው ወደ ወተት የሚገባው መጠን ይቀንሳል። በሌሎች አገሮች ለዓመታት ሲሠራበት የኖረ ሲሆን፣ አፈሩም በአፋር ክልል ይገኛል።

አራተኛው በማሳ ላይ የሚደረገው ነው። ዓለም አቀፉ የሐሩር ክልል ግብርና ኢንስቲትዩትና የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪዎች ያዳበሩት «አፍላሴፍ» መርዝ የማያመርት የዚያው ሻጋታ ዝርያ በማሳ ላይ እንዲበተንና መርዛማውን እንዲሻማ ያደርጋል። ናይጄሪያን ጨምሮ በበርካታ የአፍሪካ አገሮች በበቆሎና በኦቾሎኒ ላይ ተሠርቶበት መርዙን በ80 በመቶና ከዚያ በላይ መቀነሱ ተመዝግቧል።

አምስተኛው ምርመራ ነው። እዚህ ላይ ናሙና አወሳሰዱ ወሳኝ ነው። መርዙ በመኖው ውስጥ እኩል ስለማይሰራጭ አንዱ ጆንያ ንጹሕ ሆኖ ጎረቤቱ የተበከለ ሊሆን ይችላል። ከአንድ ቦታ በተዘገነ አንድ እፍኝ የሚሰጥ የ«ንጹሕ ነው» ማረጋገጫ ራስን ማታለል ነው። በአንጻሩ ከብዙ አርቢዎች የተቀላቀለን የአሰባሳቢ ማኅበር ወተት በፈጣን መመርመሪያ ማየት፣ ችግሩ የትኛው መንደር እንዳለ ለማወቅ ጥሩ መነሻ ይሆናል።

ለሸማቹ የሚቀረው ትንሽ ቢሆንም ከንቱ አይደለም። ወተት ማፍላቱን መቀጠል አለበት፤ ሌሎቹ በሽታዎች አልጠፉምና። የሻገተ፣ የተጨማደደ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ኦቾሎኒ ለቅሞ መጣል ይጠቅማል። ከሰፈሩ አርቢ ወተት የሚገዛ ደግሞ «ላሟ ምን ትበላለች? ፋጉሎው የት ነው የሚቀመጠው?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። «ውኃ ጨምረህበታል ወይ?» ብሎ መጠየቅ እንደለመድነው ሁሉ ይህም ሊለመድ ይገባል።

ፋጉሎ ጨማቂው፣ መኖ ነጋዴው፣ አርቢውና ፋብሪካው በአንድ ሰንሰለት የተያያዙ ናቸው። ንጹሕ ፋጉሎ ያቀረበ ነጋዴ የተሻለ ዋጋ ካላገኘ፣ ንጹሕ ወተት ያስረከበ አርቢም ከተበከለው ጋር እኩል ከተከፈለው፣ ማንም ተጨማሪ ወጪ የሚያወጣበት ምክንያት አይኖርም። ጥናቱ መርዙ የት እንደሚጀምር አሳይቷል። ከዚያ በኋላ ያለው ለጥራት ዋጋ የመስጠት ጉዳይ ነው።