ሰው ሠራሽ ጨረቃና የላይኛው አየር ምርመራ

ሰው ከጥንት ጀምሮ ፀሐይንና ከዋክብትን ሲመረምር ኖሯል፤ ነገር ግን ከራሱ በላይ ያለውን ከፍተኛ አየር ለማወቅ የቻለው በቅርብ ዘመን ነው። የዚህን ዕውቀት ታሪክ ስንመለከት፣ ለእንቅፋት የተቈጠረው ነገር የትምህርት ምንጭ እንደ ሆነ እንረዳለን።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1901 ማርኮኒ የራዲዮ ምልክት አትላንቲክን ማሻገሩን ባስታወቀ ጊዜ፣ ሞገዱ የምድርን ክብነት ተከትሎ እንዴት እንደ ደረሰ መጠየቅ ግድ ሆነ። በ1902 ኬኔሊና ሄቪሳይድ በየበኩላቸው፣ ሞገዱን የሚመልስ ኤሌክትሪክ ያዘለ የአየር ሽፋን ከላይ አለ ብለው ገመቱ፤ በ1924 እንግሊዛዊው አፕልተን ይህን በሙከራ አስረዳ። ይህም የአየር ክፍል አዮኖስፌር ይባላል።

ይሁን እንጂ ከምድር የተላከ ሞገድ ተመልሶ የሚመጣው፣ ኤሌክትሮን እጅግ ከሚበዛበት ከፍታ በታች ካለው ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ ምርመራው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ጣሪያን እንደ ማየት ነበር።

ኦክቶበር 4 ቀን 1957 ሶቪየት ኅብረት 83.6 ኪሎግራም የምትመዝነውን የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ጨረቃ፣ ስፑትኒክን፣ ላከች። እርሷም በ20ና በ40 ሜጋኸርትዝ ገደማ ለሦስት ሳምንት ያህል ምልክቷን አሰማች። ከላይ የሚወርድ ሞገድ አዮኖስፌርን ሰንጥቆ ሲያልፍ ይታጠፋል፣ ይታወካልም፤ ድግግሞሹ ባነሰ መጠን መታወኩ ይበዛል። ስለዚህ የተለያየ ድግግሞሽ ያላቸውን ሁለት ምልክቶች በማስተያየት፣ በመንገዳቸው ላይ ያለውን የኤሌክትሮን ብዛት ማስላት ይቻላል። ሴፕቴምበር 29 ቀን 1962 ወደ ሰማይ የወጣችው የካናዳ ሳተላይት አሉዌት ደግሞ፣ ሞገድን ወደ ታች እየላከች የሚመለሰውን በመቀበል ጣሪያውን ከላይ ሆና መረመረችው።

ይህ ነገር አገራችንንም ይመለከታል። የኮምፓስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል አግድም የሚሆንበት መስመር፣ ማለት መግነጢሳዊው የምድር ወገብ፣ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። ስፑትኒክ በተላከችበት በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ዘመን፣ በ1957ና በ1958፣ በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ መመርመሪያ መቋቋሙም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ ወገብ አካባቢ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በአዮኖስፌር ውስጥ እንደ አረፋ ያሉ ባዶ ሥፍራዎች ይፈጠራሉ፤ በዚህም የሳተላይት ምልክት ይዋዥቃል። መንገድ የሚያመለክተው ጂ ፒ ኤስም የሞገዱ መዘግየት ካልታረመለት ቦታን በብዙ ሜትር ያሳስታል። ይኸው መዘግየት ሲለካ ግን ከበላያችን ስላለው አየር ይነግረናል።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች፣ ልኬታችን ከጠበቅነው ሲለይ ፈጥነን አንጣለው፤ ምክንያቱን በትዕግሥት እንጠይቅ። ከአገራችን በላይ ያለውን ሰማይ መመርመር የእኛም ሥራ ነውና።