የግብር ማስረጃ በአቃቂና በቃሊቲ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ የአቃቂ ወንዝ በሚያቋርጠው ሜዳ ላይ የተዘረጋው የአቃቂና የቃሊቲ ምድር ዛሬ የፋብሪካ፣ የመጋዘንና የጭነት መኪና ሰፈር ቢሆንም፣ የምድር ባቡሩ ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከመግባቱ በፊት እህል የሚዘራበት የገባር አገር ነበረ፤ በዚህ መሬት ላይ በየዘመኑ የተተካኩት ገበሬና ባለፋብሪካ፣ ቸርቻሪና አስመጪ በኑሮና በልማድ እጅግ የተራራቁ ሆነው ሳሉ፣ የመንግሥት ሹም ለሁሉም ያቀረበላቸው ጥያቄ ግን አንድ ነበር፤ ይኸውም ግብርህን ለመክፈልህ ምን ማስረጃ አለህ የሚለው ነው።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከክፉ ቀን ማግሥት፣ ተሠሪ ወታደር ባላገሩን በቤቱ ገብቶ እንዳያስመርረው በማሰብ፣ ገበሬው ዐሥራት ለመንግሥት እንዲያገባና ወታደሩም ቀለቡን ከዚያ እንዲያገኝ ባዘዙ ጊዜ፣ ትእዛዙ በደልን ለማቅለል የወጣ ነበር። ነገር ግን ዐሥራቱ የሚወሰነው በግምት ስለ ሆነ፣ ገማቹ መጥቶ እስኪያይ ድረስ እህሉ በማሳ ወይም በአውድማ ላይ ይቆያል፤ ገበሬው ድርሻውን ካገባ በኋላም የሚመሰክርለት የጭቃ ሹሙ ቃልና የጎረቤቱ ዐይን እንጂ የታተመ ወረቀት አልነበረም። ሹሙ የተሻረ ወይም የሞተ እንደ ሆነ ምስክርነቱም አብሮት ይጠፋል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በዚያው ዘመን ስለ መንግሥት አስተዳደር ሲጽፉ የሕዝቡ ግብር በሥርዓት ተወስኖ እንዲታወቅ መምከራቸው፣ ይህን የመሰለውን ነገር በቅርብ ያዩ ሰው ስለ ነበሩ ነው።

ከጠላት ወረራ በኋላ ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 70 በጋሻ መሬት ላይ የሚከፈለውን በገንዘብ ወሰነ፤ ለተለካ ለም መሬት 15 ብር ግብርና ስለ ዐሥራት ምትክ 35 ብር፣ ለለም ጠፍ 10 ብርና 30 ብር፣ ለጠፍ ደግሞ 5 ብርና 10 ብር ሆነ። ገንዘቡ ወደ ግምጃ ቤት ሲገባ ደረሰኝ ተከተለ። ጸሐፊው ጥቁር የካርቦን ወረቀት በሁለት ቅጠል መካከል አግብቶ፣ የከፋዩን ስም፣ የመሬቱን ጋሻና የዘመኑን ቁጥር ይጽፋል፤ ክቡን ማኅተም ያሳርፍበታል፤ ዋናው ለከፋዩ ይሰጣል፣ ቀሪው ከጥራዙ ጋር ይቀመጣል። ይህች ቅጠል በባላገሩ ቤት ከሣጥን ውስጥ፣ በጨርቅ ተጠቅልላ፣ ከርስት ውሉና ከዳኝነት ወረቀቱ ጋር የምትኖር ሆነች።

ክብሯ ከንቱ አልነበረም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1168ኛው አንቀጽ፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት በእጁ አድርጎ የዚያኑ ንብረት ግብር 15 ዓመት በተከታታይ የከፈለ ሰው ባለሀብት ይሆናል ሲል ደነገገ። እንግዲህ አንባቢ ያስተውል፤ ግብር መክፈል ዕዳን ከማውረድ አልፎ የባለቤትነት ምንጭ ሆነ ማለት ነው። ዐሥራ አምስቱን ደረሰኝ በተርታ ደርድሮ ለዳኛ ያቀረበ ሰው መሬቱን ያገኛል፤ ከመካከል የአንዱ ዓመት ደረሰኝ ዝናብ ፈስሶበት ወይም አይጥ በልቶት የጎደለበት ሰው ግን፣ ገንዘቡን በእውነት ከፍሎ ሳለ፣ ተከታታይነቱን የሚያስረዳበት ወረቀት ያጣል። በእኔ አስተያየት በአገራችን የግብር ታሪክ ውስጥ ለአንዲት ብጣሽ ወረቀት ይህን ያህል ሥልጣን የሰጠ ሌላ ድንጋጌ የለም።

በ1960 ዓ.ም. ዐሥራት ቀርቶ የእርሻ ገቢ ግብር ተተካ፤ ጎጃም በዚሁ ምክንያት ተነሣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ተብሎ ሲታወጅ ደግሞ የባላባቱ ደረሰኝ ጥቅሙ አከተመ።

በአቃቂ በኩል ግን ሌላ ዓይነት ከፋይ አስቀድሞ ተወልዶ ነበር። በ1950ዎቹ በህንዶች ተሳትፎ ከተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጀምሮ፣ የሠራተኛው ግብር ገና ከደመወዙ ላይ ስለሚቀነስ፣ ማስረጃውም የሚቀመጠው በአሠሪው ፔሮል ላይ ነው። ቃሊቲ የጉምሩክ ደጅ ከሆነች በኋላ ይኸው አስቀድሞ የመቀነስ ሥርዓት ወደ ነጋዴውም ደረሰ፤ በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 አስመጪው የዕቃው ዋጋ፣ መድንና ማጓጓዣ ተደምሮ ከሚገኘው ላይ 3 በመቶ በቅድሚያ እንዲከፍል አዘዘ። ዓመቱ ሲዘጋ ይህ ገንዘብ ከትርፍ ግብሩ ላይ ይታሰብለታል፤ የበለጠ እንደ ሆነም ተመላሽ ይጠይቃል። ለዚህም ትራንዚተሩ የሚያስረክበው ዲክላራሲዮንና የክፍያ ደረሰኝ መኖር አለበት።

በዚያው ዓመት የወጣው የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቁጥር 285 ለተመላሽ ቀን ቈርጦለት ነበር፤ ከሽያጩ ቢያንስ 25 በመቶው በዜሮ መጣኔ የሚታሰብለት ነጋዴ በሁለት ወር ውስጥ እንዲመለስለት፣ ሌላው ደግሞ ትርፉን ወደሚቀጥሉት አምስት ወራት አሸጋግሮ እየተቻቻለለት፣ ከዚያ የተረፈው ማመልከቻ ባገባ በሁለት ወር ውስጥ እንዲከፈለው። ከፋዩ ላይም እንዲሁ ቀን ይቈጠርበታል። የ1994 እና የ2008 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጆች ለደረጃ «ሐ» ሐምሌን፣ ለደረጃ «ለ» እስከ ነሐሴ 30፣ ለደረጃ «ሀ» እስከ ጥቅምት 30 ሰጥተው ነበር፤ በአዋጅ ቁጥር 983 መሠረትም ዘግይቶ ያሳወቀ ሰው ካልተከፈለው ግብር ላይ እስከ 25 በመቶ ይቀጣል። ስለዚህ በጥቅምት መጨረሻ በመስኮቱ ፊት የተሰለፈ ነጋዴ የሚያስፈልገው ሁለት ማስረጃ ነው፤ አንደኛው ገንዘቡን ለመክፈሉ፣ ሁለተኛው ሒሳቡን በቀኑ ለማሳወቁ። ሁለተኛው ከሌለው ቅጣቱ ይመጣበታል፤ ተመላሹም ይዘገይበታል።

ዛሬ ክፍያው በቴሌብርና በባንክ፣ ማሳወቁም በኮምፒዩተር እየሆነ ሲሄድ፣ የማኅተሙን ቦታ ቁጥር ወርሷል። ለውጡ መልካም ነው፤ ነገር ግን የማስረዳት ሸክም ከጭቃ ሹሙ ዘመን ጀምሮ ከከፋዩ ትከሻ አልወረደም። ስለዚህ በየቅርንጫፉ ያላችሁ የገቢ ሠራተኞች፣ ሰው ሒሳቡን ባቀረበበት ዕለት ቀኑን የሚያሳይ ቅጂ ሳትሰጡት አታሰናብቱት፤ ለተመላሽ የተቈረጠውን ቀንም እንደ ግብሩ ቀን አክብሩት። ነጋዴዎችም፣ ያሳወቃችሁበትን ቅጂ ከከፈላችሁበት ደረሰኝ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡ።