ለጤና ተፈቅዶ ለውድድር የተከለከለ፦ የሴቶች ቀዘፋ ታሪክ ለባሌ ደጋ ምን ይነግራል?

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሮቤ ተነስቶ በጎባ በኩል ወደ ሰነቴ አምባ የሚወጣ መንገደኛ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከ2,500 ሜትር ገደማ ወደ 4,000 ሜትር ከፍታ ይደርሳል። በዚህ ሁሉ መንገድ የውድድር ጀልባ የሚያስኬድ ውሃ አያገኝም። ወይብ ወንዝ ድንጋይ ለድንጋይ እየተጋጨ ወርዶ ሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ይገባል። ጋርባ ጉራቻ፣ ስሙ በኦሮምኛ «ጥቁር ሐይቅ» ማለት ነው፣ ተራራ እቅፍ ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ሐይቅ ነው። የኦሎምፒክ ቀዘፋ የሚጠይቀው 2,000 ሜትር ቀጥታ መስመር እዚያ አይገኝም።

ታዲያ ስለ ሴቶች ቀዘፋ በባሌ ማውራት ምን ይባላል? ጉዳዩ ውሃው አይደለም። ሴቶች «ለጤናችሁ ተንቀሳቀሱ» ተብለው ሲፈቀድላቸው «ተወዳደሩ» የሚላቸው ሲጠፋ ምን እንደሚሆን፣ ያ አጥር እንዴት እንደቆመና እንዴት እንደፈረሰ ከቀዘፋ ታሪክ በላይ በግልጽ የሚያሳይ ስፖርት ጥቂት ነው። ያው አጥር በሩጫ ሜዳ ላይ የአርሲና የባሌ ሴቶችን አግዷል። ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልፈረሰም።

ሥራ ሲሆን የማይከብድ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ ኮርንዋል፣ ሳልታሽ በምትባል የወንዝ ዳር ከተማ አን ግላንቪል የምትባል ሴት ነበረች። በ1796 ተወልዳ በ1880 ያረፈች፣ ብዙ ልጆቿን በመቅዘፊያ ያሳደገች የጀልባ ሠራተኛ ናት። እንደ እሷ ካሉ ሴቶች ጋር ቡድን መሥርታ በየወደቡ ትወዳደር ነበር፤ የወንዶችን ቡድን የገጠሙበትም ጊዜ ብዙ ነው። ሥራቸው ስለነበር «ሴት ልጅ መቅዘፍ ትችላለች ወይ?» ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም።

ጥያቄው የመጣው የተማሩት ሴቶች ጀልባ ላይ ሲወጡ ነው። አሜሪካ ውስጥ የዌልስሊ ኮሌጅ ሴቶች በ1870ዎቹ መቅዘፍ ሲጀምሩ ዓላማው ጤናና ጥሩ አቋም ነበር። ዳኞች የሚያዩት የአቀዛዘፋቸውን ማማር ነው፤ ማን ቀድሞ ደረሰ የሚለው አልተቆጠረም። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ በወንዶች መወዳደር የጀመሩት በ1829 ሲሆን የሴቶቹ የመጀመሪያ ግጥሚያ የተደረገው በ1927 ነው። ያኔም ሁለቱ ጀልባዎች ጎን ለጎን እንዲሄዱ አልተፈቀደም። አንዱ ቡድን ቀዝፎ ሲጨርስ ሌላው ተነሳ፤ ዳኞቹ ሰዓትንም ውበትንም አብረው መዘኑ። ሴቶቹ ከወንዶቹ ጋር በአንድ ቀን፣ በአንድ መስመር፣ በለንደኑ ቴምዝ ላይ ለመወዳደር እስከ 2015 ጠበቁ።

ከዚያ መካከል ለየት ያለ ምሳሌ አለ። በ1896 ፍሬድሪክ ፈርኒቫል የተባሉ ምሁር በለንደን ሀመርስሚዝ ለሠራተኛ ሴቶች የቀዘፋ ክለብ አቋቋሙ። አባላቱ ሳምንቱን ሙሉ በሻይ ቤትና በሱቅ ቆመው የሚውሉ ሴቶች ነበሩ።

የባሌ አንባቢ ይህን ነገር በሌላ መልክ ያውቀዋል። ሴት ልጅ ውሃ የሞላ ጀሪካን ተሸክማ ዳገት ስትወጣ «አይጎዳትም ወይ?» የሚል የለም። ያችው ሴት በስፖርት ትጥቅ ወደ ሜዳ ስትወጣ ግን ስለ አካሏ፣ ስለ ማህፀኗ፣ ስለ ትዳሯ የሚጨነቀው ይበዛል። ድካሙ ያው ድካም ነው። ልዩነቱ አንደኛው የታዘዘ፣ ሁለተኛው በራሷ የተመረጠ መሆኑ ነው።

ርቀት እንደ አጥር

ውድድር መከልከል ሲያቅት ርቀት ማሳጠር መጣ። በ1928 አምስተርዳም ኦሎምፒክ ሴቶች 800 ሜትር ሮጡ። ጋዜጦች ሯጮቹ ተዝለፍልፈው ወደቁ ብለው አጋነው ጻፉ፤ ውድድሩም እስከ 1960 ከኦሎምፒክ ተሰረዘ። የሴቶች ማራቶን የገባው በ1984፣ 10,000 ሜትር በ1988 ነው።

ቀዘፋም በዚያው መንገድ ሄደ። የአውሮፓ የሴቶች ሻምፒዮና በይፋ የተጀመረው በ1954 ሲሆን የዓለም ሻምፒዮና ሴቶችን ያስገባው በ1974 ነው። ርቀታቸውም 1,000 ሜትር፣ ማለትም የወንዶቹ ግማሽ ነበር። ይህ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ዘለቀ።

ግማሽ ርቀት ሲባል ቀላል ይመስላል፤ ስፖርቱን ግን ይቀይረዋል። በቀዘፋ መቀመጫው ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል፤ ከክንድ ይልቅ እግር ይገፋል። የሴቶች 2,000 ሜትር እንደ ጀልባው ዓይነት ከስድስት እስከ ስምንት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በዚህን ያህል ጊዜ የሚያሸንፈው ሳንባና ልብ ነው። ርቀቱ ሲያጥር ደግሞ ጡንቻ ይበልጣል። ሴቶችን ለመጠበቅ ተብሎ የወጣው ደንብ ሴቶች የሚታወቁበትን ጽናት ከውድድሩ አወጣው። በሩጫም እንዲሁ ነው፦ 10,000 ሜትርና ማራቶን እስካልተፈቀደ ድረስ ደጋ ላይ ያደገች ሴት ያላትን ይዛ የምትቀርብበት መድረክ አልነበረም።

1976፦ አንዱ በር ሲከፈት

በመጋቢት 1976 አሜሪካ ውስጥ ዬል ዩኒቨርሲቲ አንድ ያልተለመደ ተቃውሞ ተደረገ። የሴቶቹ ቡድን በብርድ ቀዝፎ ሲመለስ የመታጠቢያ ክፍሉ የወንዶች ብቻ ነበር። ወንዶቹ በሙቅ ውሃ ታጥበው እስኪወጡ ድረስ ሴቶቹ ላብና የወንዝ ውሃ እንዳረጠባቸው አውቶቡስ ውስጥ ይጠብቃሉ፤ የታመሙም ነበሩ። በክሪስ ኧርንስት የሚመሩ 19 ሴቶች ወደ ኃላፊዋ ቢሮ ገብተው ልብሳቸውን አወለቁ። ሰውነታቸው ላይ «ታይትል ናይን» ተብሎ ተጽፏል፤ በ1972 የወጣው፣ በትምህርት ተቋማት የፆታ አድልዎን የሚከለክለው ሕግ ስም ነው። ዜናው በዓለም ጋዜጦች ወጣ። ጥያቄያቸው ሜዳሊያ ወይም ገንዘብ አልነበረም፤ ሻወር ነበር።

በዚያው ዓመት ክረምት ላይ በሞንትሪያል የሴቶች ቀዘፋ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ውስጥ ገባ። በአሜሪካው የስምንት ሰው ጀልባ ውስጥ የነሐስ ሜዳሊያ ካገኙት አንዷ አኒታ ዴፍራንትዝ የተባለች ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። ቀዘፋን ያወቀችው ኮሌጅ ከገባች በኋላ ነው።

ኢትዮጵያ ግን በሞንትሪያል አልነበረችም። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን በአፓርታይድ ሥር ወደነበረችው ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ከሃያ በላይ የአፍሪካ አገሮች ውድድሩን ረግጠው ወጡ። ምክንያቱ ክብር ያለው ነው። ሆኖም አትሌቶቹ ቤት ቀሩ።

ከአራት ዓመት በኋላ ሁኔታው ተገለበጠ። አሜሪካ ሞስኮን ሳትሳተፍ ስትቀር ዴፍራንትዝ የአገሯን የኦሎምፒክ ኮሚቴ ፍርድ ቤት ገተረች፤ ተረታች። ኢትዮጵያ ደግሞ ሞስኮ ሄደች፤ ከቡድኑ መካከል ሴቶቹ ሁለት ብቻ ነበሩ። በ1984 ሎስ አንጀለስ የሴቶች ማራቶን ሲጀመር ኢትዮጵያ ቀረች። በ1988 ሴኡል የሴቶች 10,000 ሜትር ሲጀመር አሁንም ቀረች። ረጅም ርቀት ለሴቶች በተከፈተባቸው በሁለቱም ኦሎምፒኮች ኢትዮጵያዊት ሴት በመነሻው መስመር ላይ አልነበረችም። የዚያን ዘመን ሴት ሯጮች ስም ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ውሳኔው ሲወሰን ሐሳባቸውን የጠየቃቸው እንደሌለ ዴፍራንትዝንም የጠየቃት አልነበረም። እሷ ግን በኋላ የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ አባል፣ በ1997 ደግሞ የመጀመሪያዋ ሴት ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነች።

በሩ ሲከፈት ምን ሆነ? በ1992 ባርሴሎና የ20 ዓመቷ ደራርቱ ቱሉ 10,000 ሜትር አሸነፈች፤ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሎምፒክ ወርቅ። ሁለተኛ ከወጣችው ደቡብ አፍሪካዊት ኤላና ማየር ጋር ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። በ1996 አትላንታ ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ጨረሰች፤ በኦሎምፒክ ማራቶን ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ናት። ከ1997 እስከ 1999 ቦስተንንም ሦስት ጊዜ ተከታትላ ወሰደች። አጥሩ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ወርቁ መጣ ማለት ነው። ችሎታው ቀድሞም ነበር።

ከፍታ ብቻውን አይበቃም

ደራርቱም ፋጡማም የቦቆጂ ልጆች ናቸው። ቦቆጂ በ2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ጎባም ከ2,700 ሜትር በላይ ነች። አየሩ ይመሳሰላል፣ ገብሱና ስንዴው ያው ነው፣ ሕዝቡም የተዛመደ ነው። ሆኖም በዓለም ሩጫ ካርታ ላይ ደምቃ የምትታየው ቦቆጂ ናት። ብዙ ምክንያት ይኖራል፤ አንዱ ግን በስም ይታወቃል፦ ስንታየሁ እሸቱ የተባሉ የስፖርት መምህር። ተማሪዎቻቸውን ለጤና ከማሯሯጥ አልፈው ለውድድር አሰለጠኑ፤ ሴቶቹንም ከወንዶቹ እኩል። ተራራ ብዙ ቦታ አለ። እንዲህ ያለ መምህር ግን በየተራራው ሥር አይገኝም።

እዚህ ላይ ቀዘፋ አንድ ነገር ይጨምራል። የኢትዮጵያ የስፖርት ሥርዓት የተገነባው በታዳጊ ላይ ነው፦ ፕሮጀክት፣ ምልመላ፣ ከዚያ ክለብ። በ16 ዓመቷ ያልታየች ልጅ በ26 ዓመቷ የምትጀምርበት በር ጠባብ ነው፤ አግብታ ከወለደችማ ከናካቴው የለም ማለት ይቻላል። በቀዘፋ ግን አዋቂ ሆኖ መጀመር የተለመደ ነው። እንግሊዛዊቷ ሄለን ግሎቨር መቅዘፍ የጀመረችው በ2008፣ በ21 ዓመቷ ነው። በ2012 ለንደን ወርቅ ወሰደች። ሦስት ልጆች ከወለደች በኋላም ተመልሳ በ2024 ፓሪስ፣ በ38 ዓመቷ፣ ብር አገኘች። ባሕር የሌላት ኡጋንዳ በካትሊን ኖብል አማካይነት ቶኪዮ ላይ የመጀመሪያዋን የኦሎምፒክ ቀዛፊ አሰልፋለች። ኖብል ቀድሞ ዋናተኛ ነበረች፤ መቅዘፍ የተማረችው ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነው።

ሩጫም ይህን አይከለክልም። ደራርቱ እናት ከሆነች በኋላ በ2000 ሲድኒ ላይ ወርቁን መልሳ ወሰደች። በ2009፣ በ37 ዓመቷ፣ የኒውዮርክ ማራቶንን አሸነፈች። የሴት ጽናት በሃያዎቹ መጀመሪያ አያልቅም።

ይህ ማለት ሮቤ ላይ ጀልባ ይገዛ ማለት አይደለም። ቀዘፋ ረጅምና ከባድ ሰውነት ይወዳል። ለቀላል ክብደት ሴቶች በ1996 የተከፈተው የኦሎምፒክ ምድብም ከፓሪስ በኋላ ተዘግቷል። በኢትዮጵያ ቀዘፋ ስፖርት ይሁን ከተባለ ቦታው ከደንገል የሚታሰር ታንኳ ለዘመናት የተመላለሰበት ጣና፣ ወይም እንደ ሐዋሳ ያሉ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ናቸው። ከብስክሌት ጎማ ሐሳብ የተነሳውና በ1980ዎቹ የተስፋፋው የቀዘፋ ማሽን ውሃ አይፈልግም፤ እሱ እንኳ ለሮቤና ለጎባ ቀዳሚው ጉዳይ አይሆንም።

ቀዳሚው የዬል ሴቶች የጠየቁት ዓይነት ነገር ነው፤ ትንሽ የሚመስል ግን መጀመሪያ የሚመጣ። ሥራ የምትውል ሴት የምትሠለጥንበት ሰዓት። ስትጨርስ የምትታጠብበትና ልብሷን የምትቀይርበት ክፍል። ስትመጣና ስትሄድ ክብሯን የሚጠብቅ መንገድ። የሰዓት ሪከርድ ሳይጠይቅ የሚቀበላት ክለብ፣ በዓመቱ መጨረሻም የአዋቂ ሴቶች ውድድር። በ1938 ፊላደልፊያ ውስጥ ኧርነስቲን ቤየር የተባለች የባንክ ሠራተኛ ከጓደኞቿ ጋር ያቋቋመችው የሴቶች ቀዘፋ ክለብ የተጀመረው በዚህ መንፈስ ነበር። ባሏ የኦሎምፒክ ቀዛፊ ነበር፤ እሷ ዳር ቆማ ማየት ሰለቻት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ከዚያ ክለብ የወጡ ሴቶች ለአሜሪካ የሴቶች ብሔራዊ ቡድን መንገድ ጠረጉ።

አዲስ አበባ ከ2004 ጀምሮ «ቅድሚያ ለሴቶች» የተባለ የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ አላት፤ ሺዎች ይሮጡበታል። የእሁድ ጠዋት ማስ ስፖርት በየከተማው ተለምዷል። እነዚህ ጥሩ ናቸው፤ ግን ብቻቸውን ከሆኑ «ለጤና ተፈቅዷል» የሚለው የዌልስሊ ዘመን ደረጃ ላይ ያቆማሉ። ሴቲቱ ቲሸርቷን ለብሳ፣ ፎቶ ተነስታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። በሚቀጥለው ማክሰኞ ማን ያሰለጥናታል? ሰዓቷን ማን ይይዝላታል? ከማን ጋር ትፎካከራለች?

በከንቲባ ጽሕፈት ቤት፣ በዞን ስፖርት ቢሮ ወይም በዩኒቨርሲቲ ሜዳ ላይ ኃላፊነት ያለው ሰው ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መልስ ካለው ተራራው የራሱን ድርሻ አስቀድሞ ሰጥቷል። መልስ ከሌለው ግን 4,000 ሜትር ከፍታም ቢሆን ጥሩ አየር ያለበት ቦታ ከመሆን አያልፍም።